የአውራ ጣቴ ቀለም

ፊደል አውቃለሁ። በምኖርበት መንደር ይህን ከልጄ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እኔም እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ፊደል ማወቅ ምን ወንጀል አለበት ትሉኝ ይሆናል። የእኔ ወንጀል የተሸሸገው እሱ ውስጥ ነው። እስከ መጨረሻው አንብቡኝና ያኔ ፍረዱ።

ልጅ ሳለሁ ሲሪንቃ አክስቴ ቤት ተቀምጬ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ከዚያ ከመርሳ ወደ ውርጌሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለች መንደር ተዳርኩ። አማቴ ማንበብ የምታውቅ ምራት ባሏን ትንቃለች ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ፤ እኔም ዝም አልኩ። ዝምታው ለመደብኝ። በድብቅ ግን አነብ ነበር። ልጄ ዘይነባ ስትታመም፣ መድኃኒቱ ጊዜው ያለፈበት እንዳይሆን ብልቃጡ ላይ ሳላይ አንዲት ጠብታ አልሰጣትም። ፊደል ያስቆጠርኳትም እኔ ነኝ፤ በሬን ዘግቼ፣ ምድጃ ዳር አመድ በትኜ፣ በጣቴ እየጻፍኩ።

አባቷ ከሞተ በኋላ ያለችኝ እሷ ብቻ ነበረች። ስፈራላት ኖርኩ። ወንዝ ስትሻገር እፈራለሁ፣ መኪና ስትሳፈር እፈራለሁ፣ ስታስነጥስ እፈራለሁ። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም።

ቤቴ ከመስጊዱ አጥር ጋር የተያያዘ ነው። በመስጊዱ ሸህ ይማም የሚባሉ አዛውንት ኪታብ ያስተምሩ ነበር፤ ከሐራ ድረስ የመጡ ደረሶች ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ይማሩ ነበር። ከላይ ትእዛዝ መጣ ተባለና እሳቸው ተነሥተው እኛ ያልመረጥነው ኢማም ተሾመብን፤ ደረሶቹ የሚማሩበትም ቤት ተቆለፈ። ሕዝቡ ተቆጣ። ሸሁ ግን «ጠጠር እንኳ ከመሬት የሚያነሣ ከእኔ ጋር አይቀመጥ» አሉ። የጠየቁት አንድ ነገር ነው። ጁምዓ ከተሰገደ በኋላ ወንዱም ሴቱም ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ይቀመጥ፤ እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ዝም ይበል። መፈክር የለም፣ ጩኸት የለም። መቀመጥ ብቻ።

የእኛ አገር ገበሬ ደግሞ ያለ ዱላ ከቤቱ አይወጣም። ሸሁ ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ በር ላይ ቆመው የገባውን ሁሉ ዱላውን ይቀበሉታል፤ ደረሶቹ ተሸክመው እኔ ቤት ያስቀምጡታል፤ ሰዉ ሲወጣ እኔ ለየባለቤቱ እመልሳለሁ። ሁሴን የሚባሉ ሽማግሌ አልለቅም ብለው ተከራከሩ።

«ሸሁ፣ ያለ ዱላዬ እኮ በሬዬም አያውቀኝ።»

«በሬህን ጁምዓ አልጠራሁትም፤ አምጣ» አሏቸው ሸሁ።

ግቢው ሳቀ። ሁሴንም ሽንፈታቸውን ተቀብለው ዱላቸውን እኔ ዘንድ ራሳቸው አመጡት። «ከድጃ፣ አደራ፣ ከሰነፎቹ ዱላ ጋር እንዳትቀላቅይብኝ» አሉኝ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ያ ዱላ ለምን እኔ ቤት እንደተቀመጠ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ምስክር አልነበረም።

በአራተኛው ጁምዓ ፖሊስ መጣ። ማንም አልተነሣም፣ ማንም አልሮጠም። ከተቀመጡበት እያነሡ መኪና ላይ ጫኗቸው። ሸሁን ወሰዱ። ከሴቶቹ መካከል ዘይነባን ወሰዱ። እኔ ዱላውን ልጠብቅ ቤቴ ቀርቼ ነበር፤ ገብተው እሱንም አውጥተው ወሰዱ።

ማክሰኞ ፖሊስ ጣቢያ ተጠራሁ። ቢሮው ውስጥ የማላውቀው ሰውዬ ተቀምጧል። ክፉ ፊት አልነበረውም። ወንበር ሰጠኝ።

«እናቴ፣ ልጅሽ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ነች አይደል?»

«ነች።»

«ፈተናው ሰኞ ነው። እዚህ ሆና የምትፈተን መስሎሻል?»

ወረቀት ወደ እኔ ገፋ። «ዱላው ቤትሽ ነበር ነው የሚለው፤ ሌላ ነገር የለውም» አለኝ።

ወረቀቱ እንዲህ አይልም። አነበብኩት። ሰው ሳያውቅብኝ ማንበብ ድሮ የለመድኩት ነው። ሸህ ይማም ፖሊስ ለመደብደብ በቤቴ ዱላ ሲያከማቹ፣ ወጣቱንም ሲያነሣሡ በዓይኔ አይቻለሁ ይላል። «ሲያከማቹ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ገብቶኛል። አልገባኝም ነበር እያልኩ ለራሴ ስነግር የኖርኩት ውሸት ነው።

«መፈረም ትችያለሽ?» አለኝ።

«ኧረ እኔ ምን ፊደል አውቄ» አልኩት።

ወንጀሌ ይህ ነው። ማስፈራራቱ የእሱ ነው፤ ይህች ቃል ግን የእኔ ናት። ማንም አላስተማረኝም። ልጄ ታስራ፣ እኔ በዚያች ሰዓት የነገ መሸሸጊያዬን አሰብኩ። ፊርማዬ ካለበት አንብባ ነው ይሉኛል፤ ጣቴ ካለበት አታውቅም፣ አታለሏት ይሉኛል። እንዲህ ብዬ አሰብኩ። የፈራች እናት ልጇን ለማዳን ትፈርም ይሆናል። በሰው ላይ እየፈረመች የራሷን ስም የምታድን ግን ምን ትባላለች? ሰውየው የማኅተሙን ቀለም ከፈተልኝ። አውራ ጣቴን ነከርኩ። ጫንኩ።

ከጽሑፉ ሥር ባዶ ቦታ ነበር፤ አንድ መስመር ይይዝ ነበር። እውነቱን ብጽፍበትስ? ልጄን ያቆዩብኝ ነበር? ምናልባት። ፈተናው ያመልጣት ነበር? ምናልባት። ፈተና በዓመቱ ይመለሳል። የሸሁ ዓመታት አልተመለሱም።

ዘይነባ በማግስቱ ተፈታች፤ ሰኞ ተፈተነች፤ አለፈች። ሸሁ ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ የእኔ ወረቀት ተነበበ፤ ሦስት ዓመት ተፈረደባቸው። መንደሩ በእኔ ላይ አልጨከነም። «ያቺን ምስኪን ጣቷን ይዘው አስጫኗት» አለ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ምስኪን ሆንኩ። ምስኪንነቴ ሐሰት መሆኑ እንዳይነቃብኝ ስል ከዚያ ወዲህ በድብቅ ማንበቡንም ተውኩ። ጤና ጣቢያ የሚሰጠኝን ወረቀት ጎረቤት ታነብልኛለች፤ እኔም እንደ አዲስ ሰምቼ እደነግጣለሁ።

ሸሁ ተፈትተው ሲመለሱ ሰዉ ሁሉ ሊጠይቃቸው ተሰበሰበ። እኔ በር ዳር ቆምኩ። እዚያ መቆሜን ሲሰሙ አስጠሩኝና በሰው ፊት እንዲህ አሉ፦

«በከድጃ ላይ ማንም ክፉ እንዳያስብ። ፊደል አታውቅም፤ የነገሯት ሌላ፣ የተጻፈው ሌላ። እኔ አፉ ብያታለሁ፤ አላህም አፉ ይበላት።»

ሰዉ አሚን አለ። እኔም አሚን አልኩ።

ዘይነባ አጠገቤ ነበረች። አሚን አላለችም። ቤት ስንገባ ጫማዋን እያወለቀች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ «እማዬ፣ እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ ማን ነበር?» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ ምድጃውን ቆሰቆስኩ። ደግማም አልጠየቀችኝም። ዛሬ ወልድያ መምህርት ናት፤ የሁለት ልጆች እናት ሆናለች። በየበዓሉ ሳሙናና ዘይት ይዛልኝ ትመጣለች፣ ጉልበቴን ትስማለች። እኔ ቤቷ ስሄድ ግን ልጆቿ እያነበቡ ከሆነ መጽሐፋቸውን ታስከድናቸዋለች። ለምን እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ የሸሁ አፉታ ነው። ማንን ነው አፉ ያሉት? ፊደል የማታውቅ፣ የተታለለች አንዲት ሴት። እኔ ያቺ ሴት አይደለሁም። እሷ ተፈጥራም አታውቅ። በሃይማኖታችን የሰው ሐቅ ባለቤቱ ካልተወው አይነሣም። ባለቤቱ የተወልኝ ያላደረግኩትን ነው፤ ያደረግኩትን ገና አልሰማም።

ፈርቼ ነው አልልም። እናት ነኝ አልልም። በዚያ ግቢ መሬት ላይ የተቀመጡት ሴቶችም እናቶች ነበሩ፤ እነሱም ፈርተው ነበር።

ይህን ወረቀት ስጽፍ ብዙ ቀን ፈጀብኝ፤ እጄ ፊደሉን ረስቶታል። የሸሁ ዓይን አሁን ጨርሶ አያይም። ከቤታቸው ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ለአንድ ደረሳ ሰጥቼ ያንብብላቸው ብዬ አስቤ ነበር፤ ተውኩት። ያም ሌላ መሸሸጊያ ነው። ነገ ከዙህር ሶላት በኋላ ሄጄ ከእግራቸው ሥር ተቀምጬ ራሴ አነብላቸዋለሁ። ድምፄን ያውቁታል፤ የመጀመሪያዋን መስመር ሳነብ የቀረውን ይረዱታል። አፉ ቢሉኝም፣ ተነሥተሽ ሂጂ ቢሉኝም፣ እስከ ታች አነባለሁ። ምክንያቱም ያኔ በባዶው ቦታ ላይ መጻፍ የነበረብኝን መስመር እዚህ ታች ጽፌዋለሁ፦

ሸህ ይማም ዱላውን የሰበሰቡት ማንም ማንንም እንዳይመታ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ።

ከድጃ። አንብቤ ፈርሜያለሁ።