ከእናቴ የደበቅኩት ፊት

መጀመሪያ ያስተዋለችው ናይሮቢ፣ ጊጊሪ ሰፈር ባለው ቢሯችን ከጎኔ የምትቀመጥ ኬንያዊት ባልደረባዬ ናት። አንድ ጠዋት ሻይ ይዛልኝ መጣችና ፊቴን ስታይ ቆም አለች። «ምን ሆነሻል? የሆነ ነገር አስደነገጠሽ እንዴ?» አለችኝ። ምንም እንዳልሆንኩ ነገርኳት። በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ስቆም ግን እውነቷን እንደሆነ አየሁ። የዓይኔ ቆብ ወደ ላይ ሸሽቶ ከጥቁሩ በላይ ነጩ ይታያል። ምንም ሳያስደነግጠኝ የደነገጠ ሰው መስያለሁ።

ያኔ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ናይሮቢ የመጣሁት ሰነድ ለመተርጎም ነው፤ ለሁለት ዓመት ብዬ መጥቼ ስድስተኛውን ይዤ ነበር። ከዚያ ጠዋት በፊት በነበሩት ወራት ከስቻለሁ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ደረጃ ስወጣ ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ይደርሳል። ሥራ በዝቶብኝ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ስመረመር አንገቴ ላይ ያለው እጢ፣ ታይሮይድ የሚሉት፣ ከልኩ በላይ እየሠራ ነበር። ኪኒን ጀመርኩ። ልቤ ረጋ፣ ክብደቴም ተመለሰ። ዓይኔ ግን የራሱን መንገድ ያዘ። እየቀላ፣ እያበጠ፣ ወደ ፊት እየወጣ ሄደ። ስተኛ እንኳ በደንብ አይከደንም። ከሰዓት በኋላ ሲደክመኝ አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይታየኛል። ወደ ቤት የሚወስደኝ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ላይ ስሳፈር ከሚታዩኝ ሁለት መወጣጫዎች እውነተኛውን በእግሬ እየዳበስኩ እፈልግ ነበር።

እናቴ የምትኖረው ናዝሬት ነው፤ ከታናሽ ወንድሜ ጋር። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ስኳር ከያዛት ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኗታል። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በቪዲዮ እንገናኛለን። ዓይኔ መለወጥ ሲጀምር መጀመሪያ መነጽር አደረግኩ። ቀጥዬ ከመስኮቱ ራቅ ብዬ ጨለም ያለው ጥግ መቀመጥ ጀመርኩ። አንድ እሁድ ግን ልደውል ስል ራሴን በስልኩ ውስጥ አየሁትና ካሜራውን ዘጋሁት።

«ምነው፣ አትታዪኝም እኮ!» አለች እናቴ።

«የስልኬ ካሜራ ተበላሽቷል፣ እማዬ።»

«አሠሪው እንጂ፣ የኔ ልጅ!»

«እሺ፣ አሠራለሁ።»

አሥር ወር ሙሉ አላሠራሁም። በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች፣ በየሳምንቱ አንድ ሰበብ እፈጥራለሁ። ኔትወርኩ፣ መብራቱ፣ ሠራተኛው ነገ ነይ አለኝ። ይሰለቻታል ብዬ ነበር፤ እሷ ግን እየባሰባት ሄደች። «ድምፅሽንማ ሰማሁት፣ እስቲ ፊትሽን ልየው» ትለኛለች። አንድ ጊዜ እንደ መቆጣት ብላ «ሌላ ምንም አልጠየቅኩሽም» አለችኝ። ምን እንዲህ እንዳስቸኮላት አልገባኝም።

ፓርክላንድስ ሰፈር፣ ከቤቴ በእግር ወደሚደረስበት የዓይን ክሊኒክ የላከኝ የታይሮይድ ሐኪሜ ነው። እዚያ የተቀበለችኝ ሐኪም ቀጭን፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ነበረች። ማስመሪያ የመሰለ መሣሪያ በሁለቱ ዓይኖቼ ጎን ባለው አጥንት ላይ አስደግፋ ምን ያህል ወደ ፊት እንደወጡ ለካች። ከዚያ ለዚህ በሽታ አዲስ መድኃኒት እየተጠና መሆኑን፣ ከፈለግኩ መግባት እንደምችል ነገረችኝ። ቅጹ ረጅም ነበር። ሥራዬ ሰነድ ማንበብ ነውና አንድም መስመር አልዘለልኩም። ከገባነው ግማሾቻችን መድኃኒቱን፣ ግማሾቻችን መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ በደም ሥራችን እንወስዳለን። የትኛው እንደደረሰን እኛም አናውቅም፤ እሷም አታውቅም። ፈረምኩ።

«ስትመለሺ የድሮ ፎቶዎችሽን ይዘሽ ነይ» አለችኝ። «ከመታመምሽ በፊት ዓይንሽ ምን ይመስል እንደነበር ማየት አለብኝ። የሰው ዓይን እኩል አይደለም፤ የማወዳድርሽ ከራስሽ ጋር ነው።»

ፎቶ መነሳት ስለማልወድ ስልኬ ውስጥ ይህ ነው የሚባል አልነበረም። የድሮዎቹ እናቴ አልበም ውስጥ ናቸው። እናታችን እንዳትሰማ ብዬ ወንድሜን በጽሑፍ ጠየቅኩት፤ ለምን እንደሆነ ሳይጠይቅ በዚያው ዕለት ላከልኝ። ዩኒቨርሲቲ የተመረቅኩበት አለ። የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ከሙሽራዋ ጀርባ ቆሜ ወደ ሌላ ሰው ስመለከት የተነሳሁት አለ። አንደኛው ደግሞ ቤታችን ግቢ ውስጥ፣ የፓፓያው ዛፍ ሥር፣ ከእናቴ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን የተነሳነው ነው። በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ምሳዬን እስክረሳ አየኋቸው። ቆንጆ ነበርኩ ማለቴ አይደለም። ዓይኔ የረጋ ነበር፤ ማንንም አያስደነግጥም፣ ማንም ምን ሆንሽ አይለውም። ያቺን ልጅ አገር ጥሎ እንደሄደ ወዳጅ ናፈቅኳት። ሐኪሟ ፎቶውን ኮምፒውተሯ ላይ ከዕለቱ ፎቶዬ ጎን አድርጋ ስትመለከት እኔ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ አነበብኩ።

መድኃኒቱ በየሦስት ሳምንቱ ነው የሚሰጠው። ክፍሉ ውስጥ የተደረደሩት ወንበሮች የእኛ ብቻ አልነበሩም። በዚያው ክሊኒክ ስኳር በዓይን ላይ የሚያመጣው ጉዳት ይጠና ስለነበር የዚያ ጥናት ተሳታፊዎችም እዚያው ይቀመጣሉ። ነርሷ ፈሳሹን ከመክፈቷ በፊት የእኔንም ጣት ትወጋለች፤ መድኃኒቱ ስኳር ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል መታየት አለበት። በወጋችኝ ቁጥር እንደ አይዞሽ «ፖሌ» ትለኛለች። እናቴ ስንት ዓመት ሙሉ፣ ማንም አይዞሽ ሳይላት፣ በየጠዋቱ የራሷን ጣት እንደምትወጋ ያሰብኩት እዚያ ወንበር ላይ ነው።

በአራተኛው ቀጠሮዬ ከወንድሜ ጋር በስልክ ሳወራ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ አማርኛዬን ሰምተው ፈገግ አሉ። ላቪንግተን አካባቢ ምግብ ቤት ያላቸው፣ ናይሮቢ ከእኔ በፊት ብዙ ዘመን የኖሩ ሰው ናቸው። በግራ ዓይናቸው አያዩም።

«አያምም እኮ፣ ልጄ» አሉኝ። «እሱ ነው ያታለለኝ። ቢያመኝ ኖሮ እሮጥ ነበር። አንድ ጠዋት ቲማቲም እየመረጥኩ ሳለ ቀለም ውኃ ውስጥ ጠብ ሲል እንደሚሆነው ጥቁር ነገር ዓይኔ ውስጥ ተበተነ። ውስጡ ደምቶ ነው ለካ።»

እናቴም ስኳር እንዳለባት ነገርኳቸው።

«ዓይኗ ታይቷል?»

«መነጽሯን በየጊዜው ታስቀይራለች፣ ጋሼ።»

«መነጽር አላልኩሽም። ጠብታ አድርገው፣ አስፍተው፣ ውስጡን አይተውላታል ወይ?»

አላውቅም ነበር። ስለ ዓይን በሽታ የተጻፈ ነገር ሁሉ ሳነብ የከረምኩ ሰው የእናቴ ዓይን መታየት አለመታየቱን አላውቅም።

ፈሳሹ እንዳለቀ ክንዴ ላይ ፕላስተሩ እንደተለጠፈ ግቢው ውስጥ ወጥቼ ለወንድሜ መልሼ ደወልኩ። ጠየቅኩት።

«እንዳልነግርሽ አስምላኝ ነው» አለ። «ማንበብ ካቆመች አምስት ወር አልፏታል። የጸሎት መጽሐፏን ገልጣ ትቀመጣለች፣ ገጹን ግን አትገልጥም። ባለፈው የበሩ መቃን ግንባሯን መታት። ሰው አገር ብቻዋን ናት፣ አታስጨንቃት አለችኝ። ሳይጨልምብኝ አንድ ጊዜ ፊቷን ልያት ብቻ ነው የምትለው።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ውኃ ላምጣልሽ ብላ ጠየቀችኝ፤ ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። አሥር ወር ሙሉ ካሜራው ተበላሽቷል ስላት እሷ የቀራትን ብርሃን ይዛ ትጠብቀኝ ነበር።

እዚያው ቁጭ ብዬ፣ ቀን ብርሃን ላይ፣ ቪዲዮውን ከፈትኩ። ወንድሜ ስልኩን ፊቷ ላይ ያዘላት። ከስታለች። ወደ ስልኩ ሳይሆን ከስልኩ ትንሽ ወደ ጎን ነው የምትመለከተው።

«መጣሽ?» አለች።

«መጣሁ፣ እማዬ።»

«ጠጋ በይ እስቲ። አንድ አረንጓዴ ነገር ይታየኛል። ዛፍ ነው?»

«ከኋላዬ ነው ዛፉ። እማዬ፣ ካሜራው አልተበላሸም ነበር። ዓይኔን አሞኛል፤ አብጦ፣ ወጥቶ... እንዳታይኝ ፈርቼ ነው።»

«እኔንም አሞኛል» አለች፣ ጥፋቷን በምትናዘዝ ተማሪ ድምፅ። «ታዲያ ሁለታችንንም ምን አስዋሸን?»

ሳቅኩ፣ አለቀስኩም። እሷም እንደዚያው። ወንድሜ ስልኩን ዝቅ አደረገውና ጣሪያው ብቻ ይታየኝ ጀመር።

በሚቀጥለው ሳምንት ወንድሜ አዲስ አበባ ወሰዳት። የግራው ዘግይቷል ተባለ፤ ውስጡ ብዙ ጊዜ ደምቶ ነበር። ለቀኙ ሌዘር ተደረገላት፣ ዓይን ውስጥ የሚወጋ መርፌም በየወሩ ጀመረች። ትንሽ ቀደም ብትሉ ኖሮ ያላት ሰው የለም፤ ሐኪሙም አላለም። እኔ ግን ለራሴ በየቀኑ እለዋለሁ።

የእኔ ዓይን ከወራት በኋላ ሲለካ ወደ ኋላ ተመልሶ ነበር። እብጠቱ ጎደለ፣ ሰው ሁለት ሆኖ መታየቱ ቀረ። ስኳሬ በመሃል ከፍ ብሎ ስለነበር እውነተኛው መድኃኒት ሳይደርሰኝ አልቀረም ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ጥናቱ እስኪዘጋ ግን አይነገረኝም። የፎቶዋን ልጅ አልሆንኩም። ሐኪሟ ይህንን ሳትሸፍን ነው የነገረችኝ። «ከዚህ በላይ ላይመለስ ይችላል» አለችኝ። አመሰገንኳት።

ለገና ናዝሬት ሄድኩ። እናቴ በቀኟ በኩል፣ መስኮቱ ጋ አስቀመጠችኝና ራሷን እንደ ወፍ ዘንበል፣ ቀና እያደረገች በዓይኗ ጠርዝ ፈለገችኝ። እኔም መነጽሬን አውልቄ፣ ሳልሸሽ፣ እስክትጨርስ ጠበቅኳት።

«ምንም አልሆንሽም እኮ!» አለች። «ያው አንቺው ነሽ።»

አይታኝ ይሁን፣ ልታይ የፈለገችውን ነግራኝ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ልጠይቃት አፌን ከፍቼ ተውኩት። አሥራ ሁለት ቀን አብረን ሆንን። ጠዋት ጠዋት የጸሎት መጽሐፏን ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ስሳሳት በቃሏ ታርመኛለች።

ከዚያ መመለስ ነበረብኝ። ሥራው አለ፤ ጥናቱም አንድ ዓመት መከታተል ይፈልጋል፤ የፈረምኩት እስከዚያ ድረስ ነው። እናቴ መርፌዋን የምትወጋው በየወሩ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ወንድሜ አጠገቧ ቁጭ ብሎ እጇን ይይዛል። በዚያ ሰዓት እኔ ጊጊሪ፣ ጠረጴዛዬ ላይ፣ የተከፈተ ሰነድ ፊት ነኝ። «ጨረስን፣ ደህና ናት» የሚል መልእክቱ እስኪመጣ አንድ መስመር አልተረጉምም።