ከእናቴ ወዲያ

በእኛ አገር ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ፣ ስለ ጥሎሽና ስለ ድግስ ከመወራቱ በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። በሙሽራውም በሙሽሪትም በኩል አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ እስከ ሰባት ትውልድ ይኬዳል። መሀል ላይ አንድ ሰው ከተገናኘ ዘመዳሞች ናቸው፣ ሰርግ የለም። እኔ ደግሞ በዘር ቆጠራ የሚያህለኝ የለም ባይ ነኝ። ወረታ ገበያ ሩዝ ስሸጥ እንኳ በዋጋ የሚከራከረኝን ሁሉ «ለመሆኑ የማን ዘር ነህ?» እያልሁ አስቆጥረዋለሁ። ስለዚህ ቁሐር ሚካኤል ከሚባለው አገር የሆነው ልጅ ሽማግሌዎች ሴት ልጄን ሊጠይቁ የመጡ ለታ፣ የእናቴን ወገን ይፋግ ድረስ ሳልደናቀፍ ቆጠርሁላቸው። የልጁም አባት የእሱን ቆጠረ። አንድም የሚገናኝ አልነበረም፤ መርቀው ወጡ።

እናቴ ጥግ ይዛ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ተቀምጣ ነበር። ቤቱ ጭር ሲል ጠራችኝ።

«የቆጠርሽው የአሳዳጊዬን ዘር ነው» አለችኝ። «እኔ ከመጠለያ የተወሰድሁ ልጅ ነኝ።»

ወይ ጉዴ! እንዲህ ያለ ነገር ዕድሜ ልክ በሆድ ይያዛል? መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ስንት ዘመን በዚያ ዘር ስኩራራ፣ ለልጆቼ ሳስጠና፣ እሷ ምስሯን እየለቀመች ትሰማኝ ነበር እኮ! ለምን ዛሬ አልኋት። ይዛው ልትሞት አስባ ነበር፤ ግን የልጅ ልጇ ሳታውቅ የሥጋ ዘመዷን አግብታ ኃጢአቱ በራሷ ላይ እንዳይሆን ፈራች። ይህን ስትለኝ ንዴቴ በረደና ፍርሃቱ ገባ። የማን ልጅ እንደሆነች ካልታወቀ፣ ያ ልጅ ዘመዳችን ቢሆንስ? ሰርጉ ለጥር ተቆርጧል። ልጄ ስሙ በተነሣ ቁጥር ፊቷ የሚበራው ነገር አለ፤ ያን ፊት እያየሁ ምን ብዬ ልንገራት? ደበቅኋት።

የእናቴን የልደት ምስክር ወረቀት ከሣጥን አውጥቼ አገላበጥሁት። ምን ዋጋ አለው፣ ያወጣነው እኛው ነን፣ የነገርናቸውን ጻፉልን። የአባት ስም በሚለው ቦታ ላይ ያለው የአሳዳጊዋ ባል ነው። የቀረኝ መጠለያው ብቻ ሆነ። ጎርፍ ያፈናቀለውና ጧሪ ያጣው ሁሉ ይጠጋበት የነበረ ቤት ነው፤ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ ነው። መዝገቦቹ አንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ መኖራቸውን ሰማሁና ጠባቂውን ለምኜ ገባሁ። ከአይጥ የተረፈውን እያገላበጥሁ ሰነበትሁ። ሱቅ ስመለስም ልቤ እዚያው ነው፤ ሩዙን ሚዛን ላይ አስቀምጬ፣ ገዢው ፊት ቆሞ እፈዛለሁ። ልጄ «እማዬ፣ ድግሱን ነው የምትፈሪው?» እያለች ትስቅብኛለች።

በመጨረሻ አገኘሁት። «ሕፃን ሴት፤ ክርስትና ያልተነሣች፤ ከቁሐር ሚካኤል» ይላል። ወስዳ ያሳደገቻት ሴት ስም ከጎኑ ባይኖር፣ የሌላ ልጅ ነው ብዬ እጽናና ነበር። ከዚያ ወረድ ብሎ ሕፃኗን ያመጣው ሰው ስም ተጽፏል። የልጁ አባት ሽማግሌዎቹ ፊት ከቆጠራቸው ስሞች አንዱ ነው፤ የሙሽራው ቅድመ አያት።

እንግዲህ ሰው የራሱ ካልሆነች የማንን ልጅ ታቅፎ ያን ሁሉ ጭቃ ይሻገራል? ከሚስቱ ተደብቆ የወለዳት ናት ብዬ ደመደምሁ። እናቴ የሙሽራው አያት እኅት ሆና ቁጭ አለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው።

ያነበብሁትን ለእናቴ ስነግራት አላለቀሰችም። የሰውየውን ስም እንድደግምላት ጠየቀችኝ፤ ደገምሁላት፤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ለራሷም አለችው። የሰውየው አንዲት ልጅ በሕይወት አሉ፤ ምንኩስና የተቀበሉ አሮጊት ናቸው፤ እሳቸውን ልጠይቅ ነው ስላት እኔም እሄዳለሁ አለች። ጠዋት ሳያት ነጩን ነጠላዋን አጥባ፣ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ ጠበቀችኝ። እኔ መርዶ እንደሚሰማ ሰው ነበርሁ፤ እሷ ለጥምቀት የምትወጣ ነው የምትመስለው።

ሩዙ ታጭዷል፤ ጥቁሩ የመረሬ አፈር ግን ገና አልጠነከረም፤ ጫማችንን በእጃችን ይዘን ሄድን። መንገዱን ሙሉ ከሚካኤል ጋር ስደራደር ነበር፤ ዘመዳችን አይሁን እንጂ ዝክርህን በየዓመቱ አወጣለሁ እያልሁ። ጉልበቴን እያለች የምታማርረው እናቴ ከፊቴ ከፊቴ ትሄዳለች።

እማሆይን ከደጃቸው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘናቸው። ዓይናቸው ደክሟል እንጂ አእምሯቸው ደህና ነው። ማንነታችንን ነገርኋቸውና በጎርፍ ጊዜ አባታቸው ሕፃን ወደ ወረታ ወስደው እንደነበር ጠየቅሁ። አዎ አሉ፤ ጥጃ ጠባቂ ልጅ ነበርሁ፣ አስታውሳለሁ። በቤታቸው ለከብት ጥበቃ የተቀጠሩ ባልና ሚስት ነበሩ። ወንዙ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው ከብቱን ሊያወጡ ገቡ፤ ሁለቱም አልተመለሱም። ሕፃኗ ቆጡ ላይ እያለቀሰች ተገኘች። የእማሆይ እናት ቀደም ብለው ሞተዋል፤ በቤቱ የምታጠባ ሴት ስላልነበረች አባታቸው ታቅፈው ወደ መጠለያው ወሰዷት።

ነውር መሆኑን እያወቅሁ የሚቀጥለውን ጠየቅሁ። «ከአባትዎ አለመሆኗን በምን ያውቃሉ?»

እማሆይ አልተቆጡም። «እናቷ ሆዷ ገፍቶ ነው ከባሏ ጋር የመጣች። ከዚያ በፊት በአገራችን ታይታ አታውቅም። ስትወልድ ውኃ ያቀበልሁ እኔ ነኝ። ሚካኤል ምስክሬ ነው፣ ደማችን አይደለችም።»

መሬት ስሜ እልል አልሁ። የእማሆይን ጉልበት ሳምሁ፤ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣብኝ። ልጄ ልትዳር ነው! ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር መስማትም አልፈለግሁ።

እናቴ ግን አልተነሣችም። «ከየት ነበር የመጡት?» አለች።

ከአንበሳሜ ወዲያ ሲባል የሰማሁ ይመስለኛል አሉ።

«ስማቸውስ?»

እማሆይ ብዙ አሰቡ። ልጅ ነበርሁ አሉ፤ ሰውየውን እረኛው፣ ሴትዮዋን የእረኛው ሚስት ነበር የምንላቸው። አስከሬናቸውም አልተገኘም። እናቴ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ነጠላዋን አስተካከለች።

ስንመለስ እኔ አፌ አላርፍ አለ። ቄሱ ዘንድ ሄደን እንደምናስረዳ፣ ዳሱ የት እንደሚጣል፣ ማን እንደሚጠራ አወራለሁ። እሷ ከኋላዬ ቀርታለች። ጉልበቷ ተነሥቶባት መስሎኝ ቆሜ ጠበቅኋት።

«አንቺ ዘመዳችን እንዳይሆን ስትለምኚ» አለችኝ፣ «እኔ እንዲሆን ስለምን ነበር።»

ከፋኝ፤ ጠባዬ ነው፣ ዝም አልልም። «እኛስ? እኔ የማንሽ ነኝ?» አልኋት።

ጭቃውን ከእግሯ በሣር እየጠረገች መለሰችልኝ።

«አንቺማ ከኔ ወዲህ ነሽ። እኔ ያጣሁት ከኔ ወዲያ ያለውን ነው።»