ዋሪቱ መሃይም እንድትሆን ተወሰነ

በ፲፱፻፸፮ ዓ.ም. መቱ ከተማ ውስጥ፣ ማንበብ የምትችል አንዲት ሴት ማንበብ የማትችል ሆና እንድትቀርብ ተወሰነ። ውሳኔው በቀበሌው ሹሞች ስብሰባ ቀርቦ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ተጨበጨበለትም።

ሴትየዋ ዋሪቱ ትባላለች። ጎሬ ተወልዳ፣ እዚያው እስከ አራተኛ ክፍል ተምራ፣ አግብታ መቱ የገባችው በንጉሡ ዘመን ነው። ባሏ ሲሞት ከመምህራን ማሰልጠኛው በር ፊት ለፊት ሻይ ቤት ከፈተች። መጥሪያ የደረሰው፣ ማመልከቻ የሚያጽፍ፣ ወታደር ልጁ ደብዳቤ የላከለት ሁሉ ወደ እሷ ይመጣ ነበር። ይህን የማያውቅ የከተማው ነዋሪ አልነበረም። ቀጥሎ የሚመጣውን ለመመዘን ስለሚያስፈልግ ይህ ነጥብ ይያዝልኝ።

የቅዳሜውን ንባብ የጀመረው ጎንፋ የሚባል የማሰልጠኛው መምህር ነው። ቤተ መጻሕፍቱ የአንድ ልብ ወለድ ጥቂት ቅጂዎች ነበሩት፤ እኩሌታው በተማሪው፣ እኩሌታው በከተማው ሰው እጅ እንዲዞር አስፈቀደ። መጽሐፎቹ ዝናብ እንዳይነካቸው በኮባ ቅጠል ተጠቅልለው ከቤት ወደ ቤት ይሄዱ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተማሪውም፣ ባለ ሱቁም፣ ከገበያ የሚመለሰው ገበሬም በማሰልጠኛው አዳራሽ ይሰበሰባል። አንባቢዋ ዋሪቱ ናት። አንድ ገጽ በአማርኛ ታነብና ያንኑ በኦሮምኛ ትተርካለች፤ ከዚያም እጇን ገጹ ላይ አሳርፋ ትጠብቃለች። ደንቡ አንድ ነበር፦ ጥያቄ ያለው ሰው ካለ፣ ጥያቄው ሳይመለስ ገጹ አይገለጥም።

ጥያቄ የማያጣው ከጎሬ ወዲያ ወዳለችው ቡሬ በሚወስደው መንገድ የሚኖረው ሽማግሌ ገበሬ ኩምሳ ነው።

«ይህ ሰውዬ ሚስቱን ጥሎ ሲሄድ በሬዎቹን ለማን ተወ?»

«ጋሼ ኩምሳ፣ በሬ እንዳለው መጽሐፉ አልነገረንም» ይላል አንዱ ተማሪ።

«በሬ ከሌለው ሚስት ማን ሰጠው?»

«ነጋዴ ይሆናላ» ይላል ባለ ሱቁ ኑረዲን።

«ነጋዴማ ከሆነ ምን ያከራክረናል? መሄድ ሥራው ነው።»

አዳራሹ ይስቃል። በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ሰው ጎረቤታቸው እንደሆነ አድርገው ይዳኙታል፤ ይፈርዱበታል፤ አንዳንዴም ያዝኑለታል። የማሰልጠኛው አጥር ከተሠራ ጀምሮ ከተማውና ተማሪው በአንድ ጉዳይ ሲከራከሩ የታዩት በእነዚያ ቅዳሜዎች ብቻ ነው።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውን ውጤት የሚመለከቱ ገምጋሚዎች ከአዲስ አበባ እንደሚመጡ ሲነገር፣ የአካባቢው ካድሬ ጓድ ጅራታ አስተምሮ የሚያሳየው ሰው አልነበረውም። ሰው የሞላው አዳራሽ ግን አገኘ። ጎንፋን አስከትሎ ሻይ ቤቱ ገባ።

«እናት ዋሪቱ፣ እንግዶቹ ፊት ያነባሉ።»

«መቼ እምቢ አልኩ? አነባለሁ።»

«መጽሐፉን አይደለም። ይህን ነው።» በጽሕፈት መኪና የተጻፈ ሁለት ገጽ ንግግር አቀበላት።

ዋሪቱ የመጀመሪያውን ገጽ በዓይኗ ጨረሰችው። «‘እስከ አምና ድረስ በአውራ ጣቴ ነበር የምፈርመው’ ይላል።»

«አዎ፣ ይላል።»

«ከፖለቲካ ትምህርት ቤት ለእናትዎ ይጽፉላቸው የነበረውን ደብዳቤ ማን ነበር የሚያነብላቸው?»

«እሱን ይተዉት። ደግሞ ሲያነቡ ትንሽ ይንተባተቡ። በአንድ ዓመት የተማረ ሰው እንደ ውሃ አይወርድለትም።»

«ባላነብስ?»

«አዳራሹ ለሌላ ሥራ ይፈለጋል።»

ጎንፋ ወለሉን ያይ ነበር። ዋሪቱ ወረቀቱን አጠፈችና መቀነቷ ውስጥ ከተተችው። ያደረገችው ፈርታ አይደለም፤ የቅዳሜው ንባብ እንዳይዘጋ ነው። የአንድን ሰው ውርደት የብዙ ሰው ደስታ ዋጋ አድርጎ ማቅረብ የዚያ ሥርዓት ቋሚ የአሠራር ዘዴ ነበር፤ ጅራታ ዘዴውን አልፈለሰፈውም፤ ተምሮ የተመረቀበት ነው።

ገምጋሚዎቹ በመጡበት ዕለት ከፊት ተቀመጡ። ዋሪቱ የመጀመሪያውን ገጽ እንደታዘዘችው እየተንተባተበች አነበበች። ከዚያ፣ ማንም ሳያዛት፣ በልማድ በኦሮምኛ ተረከችው። በልማድም እጇን ገጹ ላይ አሳርፋ ቆመች።

ኩምሳ ተነሣ። ዛሬ የሚነበበው ሌላ ታሪክ እንደሆነ ገምቷል እንጂ፣ ንግግር መሆኑን የነገረው ሰው አልነበረም።

«ይቺ እስከ አምና ፊደል የማታውቀው ሴትዮ የት አገር ነው የምትኖረው?»

አንድ የቀበሌ ሰው እጀ ጠባቡን ጎተተው። «ልቀቀኝ እንጂ፤ ደንብ ነው» አለው ኩምሳ።

ዋሪቱ ጅራታን አየችው፤ ከዚያ ኩምሳን። «መቱ ነው አሉ።»

«መቱ? ታዲያ አንቺ ዘንድ ለምን አልመጣችም? የአገሩን ደብዳቤ ሁሉ ስታነቢ ኖረሽ አንዲት ሴት ማስተማር ያቅትሽ ነበር?»

መጀመሪያ ተማሪዎቹ ሳቁ፤ ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ወደ ጅራታ ዞሮ፣ «ሽማግሌው ምን እያሉ ነው?» ሲል ጠየቀ። ሁለተኛው ገጽ ሳይነበብ ቀረ።

ቅጣቱ ድምፅ አልነበረውም። በሳምንቱ አዳራሹ የማዳበሪያ ጆንያ ማከማቻ ሆነ። መጽሐፎቹ ተሰብስበው ተቆለፈባቸው። ጎንፋ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። ለዋሪቱ ሻይ ቤት ከቀበሌው የኅብረት ሱቅ ይሰጥ የነበረው ስኳር ቆመ፤ ለምን ብላ ስትጠይቅ «አልደረሰም» ተባለች። ለአጠገቧ ሻይ ቤት ደርሶ ነበር።

ስኳሩ ማለቁን ጠብቆ ጅራታ ተመልሶ መጣ። የያዘው ወረቀት፣ ኩምሳ ዘመቻውን እንዲያደናቅፍ በአብዮቱ ጠላቶች የተላከ መሆኑን ዋሪቱ እንደምትመሰክር ይገልጻል።

«ይፈርሙ። ስኳሩ ነገ ይመጣል። ቅዳሜውም ይመለሳል፤ ቃሌ ነው።»

«በአውራ ጣቴ ነው በጽሑፍ?»

«እናት ዋሪቱ፣ ቀልድ አይደለም።»

«ጋሼ ኩምሳ ምን ይሆናል?»

«ያ የእርስዎ ጉዳይ አይደለም።»

«የጠየቀው እኮ እኔን ነው። ሰው ጠየቀኝ ብዬ አላሳስርም።» ወረቀቱን መለሰችለት። «እዚህ ያለው ሻይ ያለ ስኳር ነው። ይጠጣሉ?»

አልጠጣም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሻይ ቤቱ ተዘጋ፤ ዋሪቱም ዕቃዋን ሸጣ ቡሬ ወደምትኖረው እህቷ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ነገሩን የሚያውቀውን ኑረዲንን አንድ ነገር አስማለችው፤ ለኩምሳ እንዳይነግር። የዋህ ሰው ነው፤ ቢሰማ ቀበሌ ሄዶ ይጠይቃቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያወጣው የለም ብላ ነው።

ኑረዲን ቃሉን ጠበቀ። ስለዚህ ኩምሳ እስኪሞት ድረስ፣ ያቺ ሴት ታሪኩን መሃል ላይ ጥላብን ጠፋች፤ ሰለቸናት መሰለኝ እያለ ይወቅሳት ነበር። ወቀሳው የሚገባውን ሰው ከነስሙ ከላይ ጽፌዋለሁ።