ወረቀቱን እስከ ታች ያነበቡልኝ

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። እኔ ታደሰ ነኝ፤ ብዙዎቻችሁ በመቱ ፍርድ ቤት አስተርጓሚነቴ ታውቁኛላችሁ። ዛሬ ግን የሌላ ሰው ቃል ላስተረጉም አልቆምኩም። ጌታ ለእኔ ያደረገውን በራሴ አፍ ልናገር ብዬ ነው። የጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ የምንሰበሰበው በየቤቱ ነውና ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። እናንተም ሃሌሉያ በሉ፤ በለሆሳስ ይሁን እንጂ አትተዉት።

የኖፓ ገጠር ልጅ ነኝ። ኦሮምኛውን ከእናቴ፣ አማርኛውን ከትምህርት ቤት ይዤ እንጀራዬ ምላሴ ሆነ። ጌታን አላውቅም ነበር። እግዚአብሔርን የምጠራው ስምል ብቻ ነበር።

ሕመሙ የጀመረኝ በቀኝ ጉንጬ ነው። ኤሌክትሪክ የያዘኝ ያህል ከጆሮዬ ሥር ተነሥቶ እስከ ከንፈሬ ይሰነጥቀኛል፤ ከዚያ ጸጥ ይላል። ሳኝክ ይመጣል፣ ነፋስ ሲነካኝ ይመጣል፣ ስናገርም ይመጣል። ጥርስ ነው ተብሎ ሁለት የመንጋጋ ጥርሴ ተነቀለ፤ ሕመሙ ግን እዚያው ነው። አንድ ቀን በችሎት ፊት በሬው የጠፋበትን ገበሬ ቃል እያስተረጎምኩ ሳለ መሃል ላይ አፌ ቆመ። ዳኛው ጠበቁ፣ ገበሬው ጠበቀ፣ እኔ ጉንጬን ይዤ እንባዬ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ በቦታዬ ሌላ ሰው ቆመ፤ እኔ ቤት ዋልኩ።

ሆስፒታል ስሄድ ሐኪሙ ጉንጬን በጥጥ ጫፍ ነካ ቢያደርገኝ ከሕመሙ የተነሣ ከወንበሬ ዘለልኩ። ጥርሴ ምንም እንዳልነበረው፣ የታመመው የፊቴ ነርቭ እንደሆነ ነገረኝና ክኒን አዘዘልኝ። ጌታ ይባረክ፣ ብዙም ሳይቆይ ቀለል አለኝ።

ታዲያ የሚስቴ ወንድም በቀለ ሊጠይቀኝ መጣ። በቀለ አስተማሪ ነው፤ እንግሊዝኛ ያነባል። በካርቶኑ ውስጥ የነበረውን የታጠፈ ወረቀት ዘርግቶ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው የሚለው አለን። ለክፋት አልነበረም፤ እውነትም ተጽፎበታል። እናቴ ልታስታምመኝ ከኖፓ መጥታ ነበርና ይህን ስትሰማ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ሰው ከሰማ ልጆችህን ማን ያገባቸዋል አለችኝ። እኔም ክኒኑን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት፤ በአንድ ጊዜ አቆምኩት። ሕመሙ ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። ወገኖቼ፣ ሞትን ተመኘሁ።

እትዬ ወርቄ የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ሠራተኛ ናቸው። ስለ እምነታቸው ታስረው እንደተፈቱ ከተማው ያውቅ ነበር፤ ከእሳቸው ጋር ቆሞ መታየት ያስፈራል። እሳቸው ግን ክኒኑ በሚያልቅበት ቀን ሌላ ልወስድ ባለመመለሴ ተጨንቀው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያያቸው ቤቴ ገቡ።

ነገሩን ስንነግራቸው አልሳቁብንም፣ በቀለንም አልወቀሱም። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት።

«በቀለ ያነበበው ልክ ነው» አሉ። «ግን ዝቅ ብሎ ደግሞ ለፊት ነርቭ ሕመም ይላል። መድኃኒቱ ሁለት ሥራ አለው፤ ላንተ የታዘዘው ለዚህኛው ነው። የመጀመሪያውስ ቢሆን? በሽታ ነው እንጂ እርግማን አይደለም።»

ኦሮምኛ አሳምረው ይችላሉ፤ ሆኖም ለእናትህ አንተ ንገራት አሉኝ። እሳቸው መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ፣ እኔ ጉንጬን ይዤ አስተረጉማለሁ። ከትንሽ ተጀምሮ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ያለ ሐኪም ቃል በድንገት አይቋረጥም። መፍዘዝና እንቅልፍ ሊያመጣ ስለሚችል መኪና መንዳት፣ ዛፍ ላይ መውጣት ይቅር፤ ከአረቄ ጋርም አይሆንም። ሽፍታ ከወጣ፣ ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ቁስል ከመጣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም። እናቴ ይህን ስትሰማ ደነገጠች። እትዬ ወርቄ ግን ማስጠንቀቂያው የተጻፈው በሽተኛውን ለመጠበቅ ነው ብለው አረጋጓት። እኔንም በራስህ አትጀምረው፣ መጠኑን ሐኪሙ ይንገርህ፣ ነገ አብረን እንሄዳለን አሉኝ። የስንቱን ሰው ጉዳይ አስተርጉሜያለሁ፤ የራሴን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ሊወጡ ሲነሡ፣ ስንት ዓይን እያያቸው ለምን እንደመጡ ጠየቅኋቸው።

«ታደሰ፣ ታስሬ ሳለሁ ማንም በማይገባበት የገባልኝ አለ» አሉኝ። «ኢየሱስ ይባላል። እኔ ያንተን ደጃፍ እንዴት እፈራለሁ?»

ልጸልይልህ ወይ አሉኝ፤ እሺ አልኩ። ጸሎት ከመጣማ ክኒኑን ጣለው ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ እሳቸው ካርቶኑን መዳፌ ላይ አኑረው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። ጌታ ሆይ፣ ይህን የሠሩትን እጆች ባርክ፣ የሚወስደውንም ማረው ብለው ጸለዩ። እኔ ከዚያ በፊት ጸልዬ አላውቅም። «ለእኔም ግባልኝ» የምትል ቃል ብቻ ወጣችኝ። ገባልኝ፣ ወገኖቼ። ሕመሙ እዚያው ነበር፤ ፍርሃቴ ግን ለቀቀኝ። እናቴም የእትዬ ወርቄን ትከሻ ስማ «ዋቃዮ ኢሲን ሃ ኤቢሱ» አለቻቸው፤ እግዚአብሔር ይባርክዎት ማለቷ ነው።

በማግሥቱ ሐኪሙ እንደገና ከትንሽ አስጀመረኝ። ቀስ በቀስ ሕመሙ ራቀ፣ ወደ ችሎቴም ተመለስኩ። ስሙ ይክበር። አንዳንድ ቀን ብልጭ ይልብኛል፤ ክኒኑንም ዛሬም እወስዳለሁ። ጌታ ከፈወሰህ ክኒን ምን ያደርግልሃል የሚሉኝ አሉ። ሥጋዬን ያሳረፈው በሐኪሙና በዚህ ክኒን ነው፣ ነፍሴን ያዳነው ደግሞ በደሙ ነው፤ ስለ ሁለቱም አመሰግነዋለሁ እላቸዋለሁ።

እትዬ ወርቄ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። አቀርቅረዋል፤ ስማቸው ሲነሣ አይወዱም። ያልገባችሁ የመድኃኒት ወረቀት ካለ ይዛችሁ ሂዱ፣ እስከ ታች ያነቡላችኋል። ከመካከላችሁም ሕመሙን ከሰው የሰወረ፣ በሩን በራሱ ላይ የዘጋ ካለ፣ ለኢየሱስ ይንገረው። እኔን አላሳፈረኝም።