የአባቴ ደብተርና የላፕቶፑ ቀን

በዚያ የኅዳር ቅዳሜ ጠዋት፣ ደብረ ማርቆስ፣ በትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል አራት ሰዎች ነበርን። የኮምፒውተር መምህሯ ኢንተርኔቱ ደህና በሚይዝበት በመስኮቱ በኩል፣ ላፕቶፔ ፊት ቆማለች። ታላቅ ወንድሜ የአባታችንን ደብተር በብብቱ ይዞ በሩ ላይ ነው። ከደብረ ኤልያስ የመጡት የቅኔ መምህር፣ የአባቴ ተማሪ የነበሩት፣ ወንበር አልፈልግም ብለው መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሌዳው አጠገብ ቆመዋል። እኔ የቻርጀሩ ገመድ እንዳይላቀቅ በጣቴ ይዤ ሶኬቱ ጋ ነኝ።

የኔታ የአባቴን ቅኔዎች ለተማሪዎቻቸው በኮምፒውተር ተጽፈው ይፈልጓቸዋል። ግማሹን ጽፌያለሁ። ላፕቶፑ ግን አርጅቷል፤ መጻፊያው እስኪከፈት አባታችን ሆይን ሦስት ጊዜ እደግማለሁ። አንዳንዴም ድርቅ ይልና የጻፍሁት ይጠፋል። ወንድሜ ዛሬ ካልተስተካከለ ደብተሩን ለጽሕፈት ሱቅ እሰጣለሁ ብሏል። የአባቴን የእጅ ጽሑፍ ከእኔ በቀር አጥርቶ የሚያነብ የለም። ይህን ወንድሜም ያውቃል።

መምህሯ ላፕቶፑን የሚያንቀሳቅሰውን ሊኑክስ ሳንነካ፣ የሚታየውን ፊቱን፣ ዴስክቶፑን ብቻ፣ ማሽኑን በማያከብድ እንለውጠው አለች። ትእዛዙን ጻፈች። እምቢ አለ። ደገመች፤ እምቢ አለ።

«በቃ፣ ለሱቁ ልውሰደው» አለ ወንድሜ።

«ጋሼ፣ ቆይ።»

መምህሯ ጎንበስ ብላ አነበበች። «የምናወርደው ነገር ጊዜው ገና አልደረሰም ይላል።» የላፕቶፑን ቀን አየችና ሳቀች። «እትዬ፣ ይኼን ማን ነው ሰባት ዓመት ወደ ኋላ የመለሰው?»

«እኔ ነኝ። በእኛው አቆጣጠር አደረግሁት።»

«ምን ጥፋት አለው?» አሉ የኔታ።

«ጥፋትስ የለውም የኔታ፤ ማሽኑ ነው በእኛ መቁጠር የማያውቀው።»

«ሰባት ዓመት የዘገየ ዕቃ ይዘሽ ነው ቶሎ እጨርሳለሁ የምትይን?» አለ ወንድሜ።

ወደ መምህሯ ዞርሁ። «ወደ ፈረንጁ መልሽው» አልኋት።

መለሰችው፤ ማውረድ ጀመረ። ጣቴ ደነዘዘ፣ ገመዱን ግን አልለቀቅሁም። ሲያበቃ ላፕቶፑን አጥፍታ አበራችና መግቢያው ላይ አዲሱን ዴስክቶፕ መረጠች። ጌጥ የሌለው ግራጫ ገጽ መጣ። ከታች የማውቃቸው ምልክቶች ወደ ላይ ወጥተዋል። ገመዱን አስያዝኋትና ተቀመጥሁ። መጻፊያውን ነክቼ አባታችን ሆይን ጀመርሁ። «ስምህ ይቀደስ» ሳልል ተከፈተ።

«እስቲ ከመሃል አንዱን ገልጠህ አንብብላት» አሉ የኔታ ወንድሜን።

ገለጠ። ደብተሩን ከዓይኑ አራቀ፣ መልሶ አቀረበ። «ይኼ... ቀለሙም ለቋል እኮ።»

መጥቶ አጠገቤ አስቀመጠው። ከቅኔው ሁለት ቤት እያነበብሁ ጻፍሁ። ላፕቶፑ ድርቅ አላለም። የኔታ መጥተው በትከሻዬ በኩል ተመለከቱና፣ «ደብተሩ ከእሷ ጋር ይሁን» አሉ።

የዕለቱን ቀን በእኛ አቆጣጠር በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ላፕቶፑ ጠርዝ ላይ ለጠፍሁት። ከዚያ ዘጋሁት፤ ከደብተሩ ጋር ዘንቢሌ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።