የጋሼ መሳይ ስድሳ አምስት ኢንች

ጋሼ መሳይ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ለአንድ ሰው ስድሳ አምስት ኢንች ቴሌቪዥን ምን ያደርጋል ብላችሁ እንድትጠይቁ ነው። እኔ ጠይቄያለሁ፤ ያውም ጮክ ብዬ። የሰማኝ ግን የለም።

ቀጨኔ፣ ከመድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ አራት ቤት በአንድ ግቢ ነን። ጋሼ መሳይ ሠላሳ አንድ ዓመት በከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆርጠዋል። ጡረታ የወጡት እሳቸው እንጂ ጉሮሯቸው አይደለም፤ ዛሬም «እንደምን አደርክ» ሲሉኝ መጨረሻ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እንዲሰማ አድርገው ነው።

ባለቤታቸው እትዬ የሺ በሕይወት ሳሉ በግቢው ቴሌቪዥን የነበረው እሳቸው ቤት ብቻ ነበር። ሃያ አንድ ኢንች፣ ሆዱ በጀርባው የወጣ። እሑድ ሲሆን ከላይም ከታችም ሰው ይመጣል፤ ልጅ ምንጣፍ ላይ፣ አዋቂ አግዳሚ ላይ፣ የተረፈው አልጋ ጫፍ ላይ። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው «ጠጋ ጠጋ በሉ! መሐል ባዶ ነው!» ይላሉ። እኔ የልጅነቴን ኳስ በሙሉ ያየሁት በሰው ብብት ሥር ነው።

ከዚያ ሁሉም የየራሱን ገዛ። እትዬ የሺም የዛሬ ሦስት ዓመት አረፉ። ልጃቸው ናዝሬት ፋርማሲስት ሆና ሸጎሌ አዲስ ቤት ገባች። የጋሼ በር እንደ ድሮው ክፍት ነው፤ የሚገባበት ግን የጎረቤታችን የደሳለች ዶሮ ብቻ ነው።

አሮጌው ቴሌቪዥን ጢስ አውጥቶ ሲሰናበታቸው ናዝሬት መጥታ፣ «አባዬ፣ ደህናውን ምረጥ፣ ድምፁንም ጭምር። የምገዛልህ እኔ ነኝ» አለቻቸው። አማካሪ ሆኜ የተመረጥኩት ደግሞ እኔ። አዲሱ ገበያ አንድ ኮምፒውተር ቤት ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፤ ለጋሼ ግን ማውዝ የያዘ ሰው ሁሉ ኢንጂነር ነው።

«ዮፍቴ፣ መቼም አንተ ታውቃለህ» አሉኝ።

አላውቅም። ግን ሰው «ታውቃለህ» ከተባለ ማወቁ አይቀርም። ሁለት ቀን ሙሉ ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ከርሜ ፍርዴን ይዤ ቀረብኩ።

«ክፍልዎ ሦስት ሜትር ተኩል ነው። አርባ ሦስት ኢንችና አንድ ትንሽ ሳውንድ ባር ይበቃዎታል።»

«ለማን?»

«ለእርስዎ ነዋ!»

«እኔ መች ስለ ራሴ ጠየቅኩህ?» አሉና ኮፍያቸውን አነሱ።

የአሽረፍ ሱቅ አዲሱ ገበያ፣ ታክሲ ተራው ፊት ለፊት ነው። ግድግዳው ሁሉ ስክሪን፣ ስክሪኑ ሁሉ ዓሣ። አሽረፍ ትሁት ነጋዴ ነው፤ ስለ ፎር ኬው፣ ስለ ጥቁሩ ጥቁረት፣ ስለ ቀለሙ ብዛት ማስረዳት ጀመረ። ጋሼ ግን ፊት ለፊት አልቆሙም። ቀጥ ብለው ሄደው ጉንጫቸውን ጎን ግድግዳ ላይ ለጥፈው በዓይናቸው ጥግ ያዩ ጀመር። ቀጥሎ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ቀጥሎ ከሱቁ ወጥተው በሩ ላይ ቆሙና አንገታቸውን አስገቡ።

«በር ላይ የቆመ ሰው ያያል ወይ?»

«አባባ፣ ሶፋዎ የት ጋ ነው ያለው?» አለ አሽረፍ።

«ሶፋ የለኝም። አግዳሚ ነው ያለኝ፤ አራት ሰው፣ ከተጠጋጉ ስድስት።»

የመጀመሪያው ቴሌቪዥን ከፊት ሲታይ ዓሣው ወርቅ ነበር፤ ከጎን ሲታይ ግን ወባ የያዘው መሰለ። ጋሼ ተቆጡ። «ይሄ ጎን የተቀመጠውን ይንቃል። ሌላ አምጣ!»

ከዚያ የሆነውን ስናገር ዛሬም ፊቴ ይግላል። ሱቁን አውቶቡስ አደረጉት። «ዮፍቴ፣ አንተ ደሳለች ነህ፤ እዚያ ጥግ ቁም።» ቆምኩ። «ታያለሽ?» አሉኝ። «አያለሁ» አልኩ። ቻርጀር ሊገዛ የገባውን ሰውዬ ለታ አደረጉት፤ ለታ ጎረቤታችን ነው፣ ቁመቱ ረዥም ስለሆነ ከኋላ አቆሙት። ሰውዬው ቻርጀሩን እንደያዘ ሩብ ሰዓት ለታ ሆኖ ቆመ። አሽረፍን ራሱን ወለል ላይ አስቀመጡት። በመጨረሻ ከየትኛውም ጥግ ዓሣው ወርቅ የሆነ አንድ ስክሪን ተገኘ፤ ስድሳ አምስት ኢንች ኦሌድ። ቀጭንነቱ እንደ ትሪ ጠርዝ ነው፣ ዋጋው ግን ቀጭን አይደለም። ናዝሬት በስልክ ስትሰማ ዋጋውን ሁለት ጊዜ አስደግማ «ይሁን» አለች።

ለድምፁ አሽረፍ ሳውንድ ባርና የውሻ ቤት የሚያክል፣ ውፈር የሚሉት የድምፅ ሣጥን አመጣ። ዘፈን ሲከፍት የጎረቤት ሱቅ ብርጭቆ ተንጫጫ።

«ዘፈኑን ተወውና የሚናገር ሰው አስገባልኝ» አሉ ጋሼ። ዜና ተከፈተ። መንገዱን ተሻግረው ታክሲ ተራው ጋ ቆሙና ከዚያ ማዶ ጮኹ፦ «ይሰማል! ቃል በቃል ይሰማል!»

ስንመለስ ትዕግሥቴ አለቀ። «ጋሼ፣ የምርዎን ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው? ብቻዎን እኮ ነዎት!»

ቆሙ። «ሰው ይምጣልኝ ብዬ ነዋ፣ ዮፍቴ። ሌላ ምን ቀረኝ?» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። አፈርኩ። አርባ ሦስት ኢንች የሚለው ቃል ከዚያ ወዲህ ከአፌ አልወጣም።

ቴሌቪዥኑን ግድግዳ ላይ እንሰቅላለን ብለን ነበር። ቤቱ የጭቃ ነው፤ ለታ በመሰርሰሪያ ቢሞክረው ቀዳዳው በወዲያ በኩል ወጣና የደሳለችን ጓዳ አየን። ስለዚህ ቡፌው ላይ ቆመ። ጋሼ የእትዬ የሺን ዳንቴል አውጥተው አናቱ ላይ ሊያለብሱት ሞከሩ፤ ከዚያ ቀጭን ጠርዝ ላይ ሦስት ጊዜ ተንሸራቶ ወደቀ። በመጨረሻ ውፈሩ ላይ አደረጉት። ልክክ አለ። ድምፅ ሲጨመር ዳንቴሉ እስክስታ ይመታል።

«አሁን ሰዉን ልጥራልዎ?» አልኳቸው።

«ነውር ነው! ቴሌቪዥን ገዛሁ ተብሎ ሰው ይጠራል? ሰርግ ነው እንዴ? ድምፁን ሲሰሙ ራሳቸው ይመጣሉ።»

ድምፁን ከፈቱት። ሰሙ። አንድም ሰው አልመጣም።

በማግስቱ ደሳለች ቧንቧው ጋ አገኘቻቸውና ሁለት እጇን ዘርግታ መረቀቻቸው። «ተባረኩ ጋሼ! የኔን ድምፅ ዘግቼ በእርስዎ ነው የማየው።» ለታም ተቀበላት፦ «እኔም! ደግሞ የእርስዎ ይቀድማል፤ ጎሉን ከእርስዎ ሰምቼ ነው ከራሴ የማየው።» ግቢው በሙሉ ለካ በየቤቱ ቁጭ ብሎ የራሱን ስክሪን በጋሼ ድምፅ ያይ ነበር። ጋሼ ድምፅን የፈጠርኩት እኔ ይመስል ዞር ብለው ገላመጡኝ።

እዚህ ላይ ስለ ቆጣሪያችን መናገር አለብኝ። አራት ቤት፣ አንድ ቆጣሪ። እሱም በጋሼ ስም ሆኖ በረንዳቸው ላይ ነው የተሰቀለው። በግቢያችን ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ ከባድ ነገር የሚሰካ ሰው ደጅ ወጥቶ «ካውያ ልሰካ ነው!» ብሎ ይጮኻል፤ ከአንዱ ቤት «ቆይ፣ ስቶቬን ልንቀል!» የሚል መልስ ይመጣል። ሳይናገር የሰካ ግቢውን ያጨልማል፣ ሳምንት ሙሉም ሲሰደብ ይከርማል። ሕጉን ያወጡት ጋሼ መሳይ ናቸው። ይህ ስለሰለቸን ለየቤቱ ቆጣሪ እንዲገባልን ማመልከቻ ጽፌያለሁ፤ የቀረው የጋሼ ፊርማ ነበርና ሊፈርሙበት ወስደውታል።

እሑድ መጣ። ጨዋታው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ጋሼ አኩርፈዋል፤ ቢያኮርፉም ግን ምናልባት ሰው ቢመጣ ብለው ተስፋ አልቆረጡም። ቴሌቪዥኑን ሰኩ፣ ድምፁን ሰኩ፣ ፈንድሻ ሊያፈኩ ስቶቩንም ሰኩ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይናገሩ ሰኩ። ብሬከሩ ቀጭ አለ፤ ግቢው ጸጥ።

«ማነው ሳይናገር የሰካው?!» ደሳለች ነበረች፤ ካውያዋን እንደያዘች ወጣች። ለታ ከነፓስታ ድስቱ ወጣ። ሌላውም ተከተለ። እኔም ተናድጄ ነው የወጣሁት። ሁላችንም እየተሳደብን ወደ በረንዳው ሄድን፤ ደሳለች ከሁሉ ቀድማ በሩ ላይ ደረሰችና ስድቧ አፏ ላይ ቀረ።

አግዳሚው ተወልውሏል። ምንጣፉ ተነጥፏል። ቡፌው ላይ አሥር ብርጭቆ ተደርድሯል። ጋሼ በጨለመው ስክሪን ፊት ብቻቸውን ተቀምጠው፣ ግማሹ ያልፈካ የፈንድሻ ድስት ጉልበታቸው ላይ ይዘዋል። አንጀቴን በሉት።

ለታ ብሬከሩን አነሳው። ወዲያው ወደቀ። «ይሄ ሁሉ አብሮ አይሄድም፣ ጋሼ። የሆነ ሰው መንቀል አለበት» አለ።

ጋሼ ተነሱና ወደ ራሳቸው ሶኬት ጎንበስ አሉ። «ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ ልንቀል።»

«ኧረ እጅዎን ይሰብስቡ!» አለች ደሳለች። «ይሄን የሚያህል ነገር ነቅለው እኔ ያቺን የቤቴን ሠላሳ ሁለት ኢንች ልይ? እኛ እንንቀል!» ወደ ግቢው ዞራ ጮኸች፦ «ሁላችሁም ንቀሉ! በርጩማ ያለው በርጩማ ይዞ ይምጣ!»

መጡ። አሥራ ስድስት ሰው ቆጠርኩ፣ የደሳለችን ዶሮ ሳልጨምር። የለታ ፓስታ በሹካ ዞረ። እኔ በሠላሳ አራት ዓመቴ ጥግ ተገፍቼ ለታ ብብት ሥር ገባሁ። ከዚያ ቀና ብዬ ሳይ ሜዳው ከጎንም አረንጓዴ ነው፤ አንዲት ቀለም አልጎደለችም። ያ ሁሉ ጉንጭ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ለካ ለኔ ነበር።

ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ቤታቸውን አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጠጋ ጠጋ በሉ! መሐል ባዶ ነው!»

መሐል ባዶ አልነበረም። ሁላችንም ግን ጠጋ አልን።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ፣ ልክ ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ጋሼ ደጅ ወጥተው «ልሰካ ነው!» ይላሉ፤ በየቤቱ ያለው ይነቀላል፣ በርጩማ ይነሳል። ለታ ብቻ አልፎ አልፎ ስለ ቆጣሪው ማመልከቻ ይጠይቃቸዋል። «ብዕር ጠፍቶብኝ ነው» ይሉታል።

ባለፈው እሑድ ሪሞቱ ጠፋና ስፈልግ ውፈሩ ላይ ያለውን ዳንቴል ገለጥ አደረግሁ። ማመልከቻዬ ለአራት ታጥፎ፣ ሳይፈረም ተቀምጧል። ብዕሩም አብሮት አለ። ዳንቴሉን መልሼ አስተካከልኩ።

«አገኘኸው?» አሉ ጋሼ ከኋላዬ።

«ኧረ ምንም የለም እዚህ» አልኳቸውና ቦታዬ ሄጄ ተቀመጥኩ።