ፊልሙ ውስጥ ያልዞረችው እናቴ

መርከበኛው አጎቴ ከአሰብ ሲመጣ ይዞልኝ የመጣው ካሜራ ፎቶ አያነሳም፤ ፊልም ነው የሚቀርጸው። ድምፅ አይወስድም። አንዱ ጥቅል ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይሠራል፤ ከዚያ አጎቴ ወስዶ መርከቡ በሚደርስበት አገር ያሳጥበዋል።

ገና ልጅ ነበርኩ፤ ፒያሳ ሲኒማ ቤት ተጋፍቼ ያየሁት ሁሉ በዓይኔ ላይ ይሄድብኝ ነበር። የኔ ፊልም ግን ተዋናይ አይኖረውም። እናቴ ስትቆጣ፣ አባቴ ሬዲዮውን ጆሮው ሥር አድርጎ በረንዳው ላይ ሲያንጎላጅ፣ ታላቅ ወንድሜ ሲያሾፍብን፣ ብቻ እንደምንኖረው ልቀርጸን ፈለግሁ።

ማን እንደዚያ ሊሆንልኝ! በእኛ ቤት ካሜራ ማለት ፎቶ ቤት ነው። ባነሳሁት ቁጥር እናቴ ቆይ ብላ ትገባና ፀጉሯን ቅባት ቀብታ፣ ነጭ ነጠላ ለብሳ ትመለሳለች። አባቴ ከረባቱን ያስራል። ከዚያ የጊዮርጊስ ጉልላት ከኋላቸው እንዲታይ ጎን ለጎን ይቆሙና ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ይሄ እኮ የሚንቀሳቀስ ፊልም ነው፣ ተንቀሳቀሱ ብዬ ለመንኳቸው። አባቴ ከንፈሩን ሳያላውስ፣ ፊልሙ እንዳይበላሽ ዝም ብለሽ አንሺ አለኝ። እንደቆሙ ቀረጽኳቸው።

ወንድሜ ታጥቦ፣ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ብቅ ያለው ያኔ ነው። ሳቀባቸው። የአባቴን ከረባት አቃናለት፣ የእናቴን ትከሻ መታ መታ አደረገና «ማዘር» አላት። እናቴ ይህን የአራዳ ልጆች አጠራር አትወደውም፤ እማዬ ካላላት አትመልስለትም። ያን ቀን ደግሞ ካሜራ አለ። ንቅንቅ አላለችም። እኔን ጠቅሶኝ አለፈ፤ ፊልሙም አለቀ።

አጎቴ ፊልሙን ይዞ ሄደ። እሱ ባሕር ላይ ሳለ ወንድሜን ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ወደ ሰሜን መዝመቱን ሰማን፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን እስከ ዛሬ አናውቅም።

አጎቴ የታጠበውን ፊልምና የተዋሰውን ፕሮጀክተር ይዞ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነበር። መስኮቱን በጋቢ ጋረድን፣ አንሶላ ግድግዳው ላይ ወጠርን። ውጭ አውቶቡስ ወደ ቸርችል ጎዳና ሲወርድ ይሰማል። አንሶላው ላይ አባቴና እናቴ ቆመዋል። ከእነሱ የሚንቀሳቀሰው የነጠላዋ ጥለት ብቻ ነው፤ ነፋስ ቀስ አድርጎ ያነሳዋል፣ ያስቀምጠዋል። ከኋላቸው እርግቦች ከጉልላቱ ተነሥተው ዞረው ተመለሱ። እኔ በዚያ ብርሃን ውስጥ ጊዜው ያላለፈ፣ ወንድሜ ጓዳ ውስጥ እየታጠበ ያለ መሰለኝ።

ገባም። ሳቀ፣ ከረባቱን አቃና፣ ትከሻዋን ነካ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። እናቴ አንሶላው ላይ እንደቆመች ቀረች።

አጠገቤ አልጋው ጫፍ ላይ የተቀመጠችው እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ዞር ብዬ ባየው ምን ነበረበት?» አለች።

አባቴ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ግን ጋቢውን አላነሳውም። እናቴ አጎቴን እንደገና አሳየኝ አለችው፤ ጠቅልሎ ከመጀመሪያው አስነሣው።

እርግቦቹ ዞሩ። ወንድሜ ፎጣውን እንዳንጠለጠለ መጣ፣ እጁን ወደ ትከሻዋ ሰደደ። እናቴ ከአልጋው ጫፍ ላይ ፊቷን ወደ ኋላ መለሰች። ከኋላዋ የነበረው የተዘጋው በር ነው።

«ወዬ» አለችው።